ስንት ዋት ይበቃል? ስለ ፕላነር ሄድፎንና ስለ አምፕሊፋየሩ የቀረበ ዲስኩር



እ.ኤ.አ. በ2017 ሃይፋይማን የተባለው ኩባንያ ሱስቫራ የሚል ስም የሰጠውን ሄድፎን በ6,000 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ይህን ያህል ገንዘብ አውጥቶ የጆሮ ማዳመጫ የገዛ ሰው ዕቃው እጁ በገባ ማግስት የሚጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል፤ የትኛው አምፕሊፋየር ይመጥነዋል? የሚያገኘው መልስም ከሻጩ፣ ቀድሞት ከገዛው ወዳጁና ከመጽሔቱ ገምጋሚ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ለማዳመጫው ያወጣኸውን ያህል ለአምፕሊፋየሩም አውጣ ይሉታል። ውድ ማዳመጫን በርካሽ ማጉያ ማሠራት ዕቃውን ማዋረድ መስሎ ይታያል። ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ይህ ምክር ትክክል አለመሆኑን ነው። የሄድፎኑ ዋጋ ስለ አምፕሊፋየሩ የሚነግረን ነገር የለም። የሚነግሩን ሄድፎኑ በአንድ ሚሊዋት የሚሰጠው የድምፅ መጠን፣ ኢምፒዳንሱ (ለከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ) እና አድማጩ የሚፈልገው ከፍተኛው የድምፅ ልክ ናቸው። ከነዚህ ሦስት ቁጥሮች የሚወጣውን ሒሳብ ሳይጨነቅ፣ ሽሽታ ሳያወጣና ድምፁን ሳያዛባ የሚሞላ አምፕሊፋየር ከተገኘ ምርጫው አልቋል። ከዚህም አልፌ እላለሁ፤ ከሄድፎን ዓይነቶች ሁሉ ለዚህ ሒሳብ በጣም የሚገዛው፣ አምፕሊፋየር የድምፁን ባሕርይ ሊቀይርበት የማይችለው፣ ብዙ ሰው በተቃራኒው የሚጠረጥረው ሱስቫራም ያለበት ፕላነር የሚባለው ዓይነት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ አሠራሩን እንይ። የተለመደው ሄድፎን፣ ዳይናሚክ የሚባለው፣ ድምፅ ከሚያወጣው ሽፋን ጀርባ የተጠቀለለ ሽቦ አለው። ሽቦው በማግኔት ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይርገበገባል፣ ሽፋኑንም ይዞት ይሄዳል። በፕላነር ውስጥ ጥቅል ሽቦ የለም። በጣም ስስ በሆነ የፕላስቲክ ፊልም ላይ ጠፍጣፋ የብረት መስመሮች ወዲያና ወዲህ ተመላልሰው ይለጠፋሉ፤ ፊልሙ በማግኔት ዘንጎች አጠገብ ተወጥሮ ይቆማል፤ ከረንት በመስመሮቹ ሲያልፍ የፊልሙ ገጽ በሙሉ ባንድነት ይገፋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ያማሃ ኤችፒ-1 የተባለውን ሞዴል በዚህ መንገድ ሠርቶ የሸጠው በ1976 ነበር። ከዚያ ብዙ ዓመት የጥቂት ወዳጆች ነገር ሆኖ ቆየና እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ኦዲሲ፣ ሃይፋይማንና በኋላም የሩማንያው ሜዜ የውድ ማዳመጫ ገበያ ዋና ዕቃ አደረጉት። ሶኒ በ2023 ኦዲሲን እስከ መግዛት የደረሰው ገበያው ምን ያህል እንዳደገ ያሳያል።

ለእኛ ክርክር የሚበጀው ፍሬ ነገር ግን አንድ ነው። የዳይናሚክ ሄድፎን ኢምፒዳንስ እንደ ድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ይለዋወጣል። 300 ኦም የተባለው የሰንሃይዘር ኤችዲ 650 ወደ ቤዙ አካባቢ፣ ሽፋኑ በራሱ መርገብገብ በሚወድበት ቦታ፣ ወደ 500 ኦም ይጠጋል። የፕላነር ኢምፒዳንስ ከወፍራሙ ቤዝ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ድረስ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ አምፕሊፋየሩ ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ተራ ሬዚስተር ነው። ልዩነቱን በቁጥር እንመልከተው። የራሱ የውስጥ ኢምፒዳንስ 120 ኦም የሆነ ማጉያ ብንወስድ፣ ከኤችዲ 650 ጋር ሲገናኝ ቤዙን ከሌላው ክፍል በአንድ ዴሲቤል ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ቮልቴጁ ኢምፒዳንሱ ከፍ ባለበት ቦታ ብዙ ስለሚደርስ ነው። ይህ የሚሰማ የባሕርይ ለውጥ ነው፤ አምፕሊፋየርና ሄድፎን ይጣጣማሉ ወይም አይጣጣሙም የሚለው አባባል መነሻውም እዚህ ላይ ነው። ያንኑ ማጉያ 32 ኦም ከሆነ ፕላነር ጋር ብታገናኙት ድምፁ በ13 ዴሲቤል ተኩል ይቀንሳል፤ የቀነሰው ግን ሁሉም እኩል ስለሆነ መልኩ አይለወጥም። አንድን ፕላነር ብሩህ ወይም ወፍራም የሚያደርግ አምፕሊፋየር አለ የሚለን ሰው እንግዲህ ከዚህ ከታወቀው መንገድ ውጭ ሌላ መንገድ ሊያሳየን ይገባል።

ዳምፒንግ ፋክተር የሚባለው መመዘኛም እዚሁ ይወድቃል። አምፕሊፋየሩ ሽፋኑን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ቤዙ እንዳይንዘላዘል ይቆጣጠረዋል የሚለው ትምህርት የመጣው ከትልልቅ የዳይናሚክ ስፒከሮች ነው። እዚያ ከባድ ኮን ሲንቀሳቀስ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ማጉያውም ያንን መልሶ እየዋጠ ይገታዋል። የፕላነር ፊልም እጅግ ቀላል ነው፤ የሚያመነጨው የመልስ ቮልቴጅም ጥቂት ነው። የሚገታው በአመዛኙ በዙሪያው ያለው አየር፣ የፊልሙ ውጥረትና ከማግኔቱ ጋር የሚለጠፈው ማጣሪያ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ሻጭ ዳምፒንግ ፋክተሩ ይህን ያህል ሺህ ነው ብሎ ሲያስተዋውቅ፣ ለፕላነር ገዢ ብዙም የማይረባ ቁጥር እየነገረ ነው።

እንግዲህ ባሕርዩ ከክርክሩ ከወጣ የቀረው ዐቅም ነው፤ ዐቅም ደግሞ ይሰላል። መጀመሪያ ምን ያህል ጮኾ መስማት እንፈልጋለን የሚለውን እንወስን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። የአሜሪካ የሥራ ላይ ጤና ተቋም ደግሞ 85 ዴሲቤልን ለስምንት ሰዓት ይፈቅድና በየሦስት ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱን በግማሽ ይቆርጣል፤ በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል የሚፈቀደው ለሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ሙዚቃ ግን ባንድ ልክ አይቆምም። ክራር ሲመታ የመጀመሪያዋ ቅጽበት ከኋላዋ ከሚከተለው ድምፅ በብዙ ትበልጣለች፤ የኦርኬስትራ ቀረጻ ጫፉ ከአማካዩ በ20 ዴሲቤል ያህል ሊርቅ ይችላል፤ የዛሬው ተጨምቆ የሚታተም ዘፈን በ10 ገደማ። ስለዚህ አማካዩን 80 ብንይዝ ጫፉ 100 ይደርሳል። ዝግ ተደርጎ ለተቀረጸ ሥራና በኢኩዋላይዘር ቤዙን ከፍ ማድረግ ለሚወድ ሰው 10 እንጨምርና 110 እንበል። ይህ ልግስና ያለበት ቁጥር ነው፤ ጆሮውን የሚወድ ሰው ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ድምፅ በ10 ዴሲቤል እንዲጨምር ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት፤ በ3 ዴሲቤል እንዲጨምር ደግሞ እጥፍ። ሱስቫራ በአንድ ሚሊዋት 83 ዴሲቤል ይሰጣል፣ ኢምፒዳንሱ 60 ኦም ነው። 110 ለመድረስ ግማሽ ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ያም 5 ቮልት ተኩልና 91 ሚሊአምፒር ማለት ነው። የኦዲሲ ኤልሲዲ-5 በሚሊዋት 90 ዴሲቤል፣ 14 ኦም፤ የሚበቃው 100 ሚሊዋት ነው፤ ቮልቴጁ 1.2 ብቻ፣ ከረንቱ ግን 85 ሚሊአምፒር። የሜዜ ኤምፒሪያን 100 ዴሲቤልና 32 ኦም ነው፤ በ10 ሚሊዋት ጫፍ ይደርሳል። ኤልሲዲ-ኤክስ 103 ዴሲቤልና 20 ኦም ነው፤ 5 ሚሊዋት ይበቃዋል። ለንጽጽር ያህል ዳይናሚኩ ኤችዲ 650 የሚወስደው 17 ሚሊዋት ነው፤ እሱ የሚፈልገው ቮልቴጅ ነው፣ 2.2 ቮልት፣ ከረንቱ ግን 8 ሚሊአምፒር እንኳ አይሞላም። እነዚህን ቁጥሮች ከዋጋቸው ጋር አስተያዩአቸው። ሱስቫራ ሲወጣ 6,000 ዶላር ነበር፣ ኤምፒሪያን 3,000። ዋጋው እጥፍ ነው፤ የሚፈልገው ኃይል ግን 50 እጥፍ። ኤልሲዲ-5 ሲወጣ 4,500 ዶላር ተሽጦ የሱስቫራን አምስተኛ ያህል ኃይል ብቻ ይጠይቃል። የዋጋው መሰላልና የኃይሉ መሰላል የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በዋጋ ሚዛን አምፕሊፋየር የሚመርጥ ሰው ለኤምፒሪያን ከሚገባው በላይ ይከፍላል፣ ለሌላው ደግሞ የማይበቃውን ሊገዛ ይችላል።

እዚህ ላይ የዝርዝር መግለጫ ወረቀት አነባበብ ጥቂት ሊያዘገየን ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። የአንዳንድ አምራቾች ዴሲቤል የሚለካው በአንድ ሚሊዋት ነው፣ የሌሎቹ ደግሞ በአንድ ቮልት። ሰንሃይዘር ለኤችዲ 650 የሚጽፈው 103 በቮልት የተለካ ነው፤ የኤልሲዲ-ኤክስ 103 ደግሞ በሚሊዋት። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ወደ አንድ መለኪያ ስናመጣቸው ኤልሲዲ-ኤክስ በአንድ ቮልት 120 ዴሲቤል ይሆናል፤ በመካከላቸው 17 ዴሲቤል ተደብቆ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ወጥመድ የአምፕሊፋየሩ ዋት ነው። ወረቀቱ በአብዛኛው የሚናገረው በ32 ኦም ላይ የተለካውን ነው። 2 ዋት በ32 ኦም የሚል ማጉያ እንውሰድ፤ ይህ 8 ቮልትና 250 ሚሊአምፒር ማለት ነው። በሱስቫራ 60 ኦም ላይ ቮልቴጁ ከ8 የማያልፍ ከሆነ የምናገኘው አንድ ዋት ገደማ ነው። በኤልሲዲ-5 14 ኦም ላይ ከረንቱ ከ250 የማያልፍ ከሆነ የምናገኘው ከአንድ ዋት በታች ነው። ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው፤ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ያለው 2 ዋት ለአንዳቸውም እውነት አልነበረም። ስለዚህ ዋቱን ትታችሁ ቮልቱንና ሚሊአምፒሩን ጠይቁ። ባላንስድ የሚባለው ባለ አራት ፒን መውጫም ከዚህ ሒሳብ ውጭ ምትሐት የለውም፤ ቮልቴጁን እስከ እጥፍ ያሳድጋል፣ ከረንቱ ከፈቀደ። ባይሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የሁለቱ ጆሮ መመለሻ ሽቦ አንድ ላይ የተገናኘበትን ተራ ገመድ በማስማሚያ ወደዚህ መውጫ መሰካት አምፕሊፋየሩን ሾርት ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ በገንዘብ ሲመነዘር ምን ይሆናል? በአሜሪካ ኢሊኖይ የሚገኘው ጄዲኤስ ላብስ እ.ኤ.አ. በ2018 አተም የተባለ አምፕሊፋየር በ99 ዶላር አወጣ። በ32 ኦም ላይ አንድ ዋት ይሰጣል፤ ማለትም 5.7 ቮልት ገደማና 177 ሚሊአምፒር። ለኤልሲዲ-5 ከሚያስፈልገው ከረንት እጥፍ በላይ ነው፤ ለሱስቫራ የሚያስፈልገውን 5 ቮልት ተኩል እንኳ ይሞላል። ከዚህም በፊት በ2011 ማንነቱን በብዕር ስም የሸሸገ አንድ ኢንጂነር ኦ2 የተባለ የአምፕሊፋየር ንድፍ ከነመለኪያ ውጤቱ በነፃ ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ክርክሩ ዛሬ የማቀርበው ዓይነት ነበር፤ የሚያስፈልገውን አስላ፣ ለካ፣ ከዚያ በላይ አትክፈል። ሰውየው በዓመቱ ገደማ ዱካው ጠፋ፤ ንድፉ ግን በብዙ አምራቾች እጅ ቆይቶ ተሽጧል። ወደ ታች ደግሞ ብንወርድ፣ በ9 ዶላር የሚሸጠው የአፕል ትንሽ የስልክ ማስማሚያ በአሜሪካው ዓይነቱ አንድ ቮልት ያህል ይሰጣል። በዚያች ቮልት ሱስቫራ 95 ዴሲቤል ይደርሳል። አማካዩ ከጫፉ በ15 ዝቅ ላለ ዘፈን ይህ ልክ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 80 ነው። ሱስቫራን በስልክ ማስማሚያ አዳምጡ እያልኩ አይደለም፤ ዝግ ብሎ ለተቀረጸ ሥራ ያንሳል። ግን በዓለም ላይ ለመንዳት ከሁሉ አስቸጋሪ ከሚባሉት አንዱ የሆነ ሄድፎን ከ9 ዶላር ዕቃ ጋር ይህን ያህል መጓዙ፣ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የግድ ያስፈልጋል የሚለውን ወሬ ሊያስጠረጥረን ይገባል።

በዚህ ሒሳብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከልምድ የሚመጣ ነው። ሃይፋይማን በ2010 አካባቢ ያወጣው ኤችኢ-6፣ በሚሊዋት 83.5 ዴሲቤልና 50 ኦም የሆነው፣ ዝናው የተመሠረተው ከስፒከር አምፕሊፋየር ጋር ሲገናኝ ብቻ ይነቃል በሚል ነው። ወዳጆቹ ገመድ እየቀጠሉ ለቤት ስፒከር በተሠሩ ማጉያዎች ያዳምጡት ነበር፤ ለውጡም እውነተኛ ነበር ይላሉ። አዎ፣ እውነተኛ ነበር። ምክንያቱም በዚያ ዘመን ለሄድፎን ተብለው ከተሠሩት ብዙዎቹ 300 ኦም ላለው ሰንሃይዘር የታሰቡ፣ ቮልቴጅ ያላቸው፣ ከረንት ግን የሚያጥራቸው ነበሩ። ኤችኢ-6 ሲገናኛቸው ጫፎቹ ላይ ሞገዱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ሞገድ ደግሞ ደረቅና ጠባብ ሆኖ ይሰማል። ይህ ልምድ የእኔን ሒሳብ የሚደግፍ እንጂ የሚያፈርስ አይደለም። የሚያሳየው ከሚያስፈልገው በታች የሆነ አምፕሊፋየር መጥፎ መሆኑን ነው። ከሚያስፈልገው በላይ የሆነው ሁሉ ይሻላል የሚለው ግን ከዚያ አይከተልም።

እንዲያውም ከልክ ማለፍ የራሱ ዋጋ አለው። የስፒከር አምፕሊፋየር ምንም ሙዚቃ ሳይኖር 100 ማይክሮቮልት ያህል ሽሽታ ቢያወጣ ሳሎን ውስጥ ማንም አይሰማውም። ያንን ወደ ሱስቫራ ብንልከው 15 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል፤ ጸጥ ባለ ክፍል እንኳ ለመስማት ያስቸግራል። ወደ ኤልሲዲ-ኤክስ ብንልከው ግን 40 ዴሲቤል ነው፤ በዘፈኖቹ መካከል ባለው ዝምታ ሁሉ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይነግሣል። በዚያ ላይ የድምፅ መጨመሪያው ከመነሻው ጥቂት እንደዞረ ጆሮ ይደነቁራል፤ መጨመሪያው ደግሞ በታችኛው ጫፉ ግራና ቀኙን አስተካክሎ አያወጣም፣ ዘፋኙ ወደ አንዱ ጆሮ ያዘነብላል። አንድ ኩንታል ጤፍ ለማድረስ ሲኖትራክ መከራየት ይቻላል፤ ግን በጠባቡ መንደር ውስጥ የሚያስቸግረው ያው ሲኖትራኩ ነው። መጠባበቂያ ያስፈልጋል የሚሉ ሰዎች ትክክል ናቸው፤ እኔም 110 ስል መጠባበቂያውን በውስጡ አስገብቼ ነው። ተጨማሪ 6 ዴሲቤል የሚፈልግ ሰው ኃይሉን በአራት ያባዛው፤ ሱስቫራ 2 ዋት ይሆናል፣ 11 ቮልት። ይህም ቢሆን ዛሬ በጥቂት መቶ ዶላር የሚገኝ ነው። ኤምፒሪያን ግን ከዚህ ጭማሪ በኋላም 40 ሚሊዋት ላይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከጆሮ ነው፤ ቀላል አድርጌም አላየውም። ሒሳቡን ተወው፣ ሁለቱን አምፕሊፋየሮች አፈራርቄ ሰምቻቸዋለሁ፣ ውዱ ላይ ቤዙ ጠለቀ፣ መድረኩ ሰፋ የሚል ብዙ ነው። ይህ ሰው አይዋሽም፤ የሰማው ነገር ምን እንደሆነ ግን መጠየቅ ይገባዋል። በ1933 የቤል ላብራቶሪ ሳይንቲስቶች ፍሌቸርና መንሰን ጆሮ ለቤዝ ያለው ስሜት ድምፁ ሲጮኽ እንደሚጨምር በመለኪያ አሳይተዋል። አንዱ አምፕሊፋየር ከሌላው በአንድ ዴሲቤል ቢበልጥ አድማጩ ጮኸ አይልም፤ ቤዙ ሞላ፣ ጥራቱ ጨመረ ይላል። ሁለት ማጉያዎች ደግሞ መጨመሪያቸው በእኩል ቦታ ቢቆም እኩል ድምፅ አይሰጡም። ስለዚህ ልዩነቱ ከአሥረኛ ዴሲቤል በማይበልጥ ጥንቃቄ ካልተስተካከለ የጆሮ ምስክርነት ሌላ ነገር እየመሰከረ ነው። እዚህ ላይ ጨዋታውን የሚያበላሸው ሌላም አለ፤ ፕላነሩን ከራስ ላይ አውርዶ መልሶ ሲያጠልቁት ትራሱ በሚሊሜትሮች ይንሸራተታል፣ ቀጭኑ ድምፅ ላይም ብዙ ዴሲቤል ለውጥ ያመጣል። ሁለት ጥሩ አምፕሊፋየሮች ግን በመካከላቸው አሥረኛ ዴሲቤል እንኳ ላይለያዩ ይችላሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ መለኪያ ሁሉን አይይዝም የሚለው፣ በታሪክ አንድ ጊዜ በግልጽ ተፈትኗል። በ1985 ቦብ ካርቨር የተባለው አሜሪካዊ የአምፕሊፋየር ሠሪ የስቲሪዮፋይል መጽሔት አዘጋጆች የመረጡትን ውድ ማጉያ ድምፅ በራሱ ርካሽ ማጉያ ላይ እደግመዋለሁ ብሎ ተከራከረ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ሁለቱን ለአንድ ሙዚቃ አገናኝቶ የአንዱን ውጤት ከሌላው ቀነሰ፤ የቀረውን ትርፍራፊ እያዳመጠ፣ ትርፍራፊው እስኪጠፋ ድረስ የራሱን ማጉያ ክፍሎች ለወጠ። በሁለት ቀን ገደማ ጨርሶ ሲያቀርብላቸው በሰለጠነ ጆሯቸው የሚኮሩት አዘጋጆች ሁለቱን መለየት አቃታቸው። በኋላ ከፋብሪካ የወጣው ቅጂ እንደ መጀመሪያው ነው አይደለም በሚል ክርክር ተነሥቷል፤ ያ የአመራረት ጉዳይ ነው። በክፍሉ ውስጥ የታየው ግን የአምፕሊፋየር ባሕርይ የሚባለው ነገር ሊለካ፣ ሊቀነስና ሊቀዳ የሚችል መሆኑን ነው። የተጠቀሰው ውድ ማጉያ ቲዩብ፣ ማለትም በቫኩም ቱቦ የሚሠራ፣ ነበር፤ ይህም ወደ ቀጣዩ ነጥብ ያሸጋግረኛል።

ቲዩብ የሚወዱ ሰዎች ድምፁን ያሞቀዋል ሲሉ ልክ ናቸው። ቲዩብ የራሱን ጥቂት መዛባት ይጨምራል፤ ሲበዛ ይሰማል፤ አንዳንዶች ይወዱታል። ጣዕም ነውና አልከራከርም። የምለው ለፕላነር ሲሆን የትኛው ቲዩብ የሚለው ጥያቄ ሕይወትና ሞት መሆኑን ነው። ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ የሚያወጡት ለ300 ኦም የተሠሩ ናቸው፤ የውስጥ ኢምፒዳንሳቸው 120 ኦም ከሆነ፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት በ32 ኦም ፕላነር ላይ 13 ዴሲቤል ተኩል ይባክናል፣ ከረንቱም ቶሎ ያልቅና መዛባቱ ከሙቀት አልፎ ጩኸት ይሆናል። 14 ኦም ለሆነው ኤልሲዲ-5 ከሆነ ነገሩን እርሱት። መውጫው ላይ ትራንስፎርመር ያለው ቲዩብ ግን ቮልቴጁን ወደ ከረንት ስለሚቀይር ፕላነርን በደንብ ያሠራል። ሙቀቱን የሚወድና የመክፈል ዐቅም ያለው ይግዛው፤ የሚገዛው ቅመም መሆኑን አውቆ። ያንኑ ቅመም ኮምፒውተር ውስጥ ባለ ኢኩዋላይዘር በነፃ ማምጣት የሚቻልበት ጊዜም ብዙ ነው፤ ሱስቫራና ኤልሲዲ-5 ራሳቸው በድምፃቸው ልዩ ልዩ ስለሆኑ፣ አድማጭ የማይወደውን ጫፍ ለማብረድ ሦስት ዴሲቤል የሚቀንስ ኢኩዋላይዘር ከማንኛውም አምፕሊፋየር ለውጥ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ለሀገራችን አድማጭ የሚጨመር አንድ ተግባራዊ ማሳሰቢያ አለ። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ አምፕሊፋየር ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ነው። በስልክ ቻርጀር ዓይነት አስማሚ የሚሠሩት አስማሚው 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለው አያሳስብም። በውስጣቸው ከባድ ትራንስፎርመር ያላቸው ግን ከጀርባቸው የቮልቴጅ መቀየሪያ ካልተገኘ በመጀመሪያው ምሽት ይቃጠላሉ። ከጄዲኤስ አተም ጋር የሚመጣው ትንሽ አስማሚ ራሱ የትራንስፎርመር ዓይነት ስለሆነ ስታዝዙ ለ220 የሚሆነውን መምረጥ ያስፈልጋል። ለስንት ቮልት ነው የሚለውን ጥያቄ የሚልክላችሁን ሰው ከዋቱ በፊት ጠይቁት።

ሁለት አምፕሊፋየሮችን ማወዳደር ለምትፈልጉ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ ተራ መልቲሜትር ነው። የ100 ኸርዝ ድምፅ የያዘ ፋይል አጫውቱ፤ ርካሽ መልቲሜትር ተለዋዋጭ ቮልቴጅን በትክክል የሚለካው በዚያ አካባቢ ስለሆነ ከ400 ኸርዝ በላይ አትውጡ። ሄድፎኑ ተሰክቶ ሳለ፣ ጆሮ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ፣ በመውጫው ያለውን ቮልቴጅ አንብቡ፤ ባላንስድ ከሆነ የአንዱን ጆሮ ሁለት ሽቦዎች መካከል። የሁለተኛውን አምፕሊፋየር መጨመሪያ ያንኑ ቁጥር እስኪያነብ አስተካክሉ፤ አንድ በመቶ መቀራረብ ከአሥረኛ ዴሲቤል በታች ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ሳታዩ ገመዱን እያፈራረቀ ይሰካ፤ የትኛው እንደሆነ በእያንዳንዱ ዙር ጻፉ፤ ቢያንስ 16 ጊዜ ይሁን፣ ከ16ቱ 12 መምታት በዕድል ብቻ የሚሆነው ከመቶ አራት ጊዜ ባነሰ ነውና። አንድን የ3,000 ዶላር ማጉያ በዚህ መንገድ ከ99 ዶላሩ አተም የለየ ሰው የሰማው ነገር ምን እንደሆነ በመለኪያ ሊፈለግ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ቲዩብ፣ ከልክ ያለፈ ሽሽታ ወይም ጫፍ ላይ የተቆረጠ ሞገድ ይሆናል። ያልለየውና እንዲያም ሆኖ ስለ አሉሚኒየሙ ሣጥን፣ ስለ መጨመሪያው ልስላሴ ወይም ሲበላሽ የሚጠግነው ስላለ ውዱን የሚገዛ ካለ ይግዛ፤ ሻጩ ለድምፅ ጥራት ብሎ ያስከፈለውን ገንዘብ ግን መልስልኝ ብሎ መጠየቅ የገዢው መብት ነው።